አምስት መቶ አሥር ሰዓት የሠራ ዘይት

ሰው ሁሉ «ነሲባ ቁጡ ናት» ይላል። እሺ፣ ቁጡ ነኝ! ሠላሳ አራት አባወራ ከአንድ ጉድጓድ እያጠጣ፣ የአንዱ ተራ በሌላው ላይ ሩብ ሰዓት ባለፈ ቁጥር አካፋ ለሚነሳበት ማኅበር ሊቀመንበር ሲያደርጉኝ፣ ለስላሳ ሴት ፈልገው ነበር እንዴ? አንድም ቀን ደም ሳይፈስ ስድስት ዓመት የቆየነው በኔ ጩኸት ነው። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም። ቀጥሎ የምነግራችሁ የሚያኮራ ስላልሆነ፣ አስቀድሜ ትንሽ ልደገፍበት ብዬ ነው።

እርሻችን በሮቢትና በጎብዬ መካከል፣ ከአስፋልቱ ወደ ዞብል ተራራ ገባ ብሎ ነው። ውኃው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚወጣው። ፓምፑ ድሮ በመብራት ይሠራ ነበር፤ መስመሩ ከተበጠሰ ወዲህ ግን የሚያንቀሳቅሰው አንድ የናፍጣ ጄነሬተር ነው። እኛ «ሞተሩ» ነው የምንለው። ሞተሩ ካልተነሳ ውኃ የለም፣ ውኃ ከሌለ በበጋ ሽንኩርት የለም፣ ሽንኩርት ከሌለ ደግሞ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ይጀምራል።

ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ደጀን ነው። ከደጋ፣ ከላስታ በኩል የመጣ ሰው ነው። እዚህ አገር መሬት የለውም፣ ዘመድ የለውም፤ ያለው ሚስቱ ማርታና ያ ሞተር ነው። አሥራ አራት ዓመት እዚያች የሞተር ቤት ውስጥ ኖረ ማለት ይቻላል። ጠዋት ሲያስነሳው «እስቲ በል ተነስ ወንድሜ፣ ሰው ይጠብቅሃል» ይለዋል። ሰው ይስቅበታል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት ሞተሩ እምቢ ብሎ ያደረበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

ባለፈው የካቲት መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ መትፋት ጀመረ። ቀጥሎ ዘይት መጠጣት አመጣ። ደጀን በየሁለት ቀኑ ይጨምርለታል፣ እሱ ይጠጣዋል። ከዚያ ጉልበቱ ወረደ፤ ቦዩ ጫፍ ላይ ያሉት መደቦች ውኃ ሳይደርሳቸው ተራቸው ያልፍ ጀመር። ሽንኩርቱ ደግሞ ሥሩ ሊያብጥ የደረሰበት፣ ውኃ ለአንድ ሳምንት ቢቀርበት የሚበላሽበት ጊዜ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከግራሩ ሥር ተሰበሰብን። ሞላ የሚባል የኮሚቴ አባል አለን፤ ነገር ሲሸተው አፍንጫው የሚሰፋ ሰው ነው። እሱ ተነሳና ደጀንን «ዘይቱ መቼ ነው የተቀየረው?» አለው።

ደጀን አልሸሸም። «በታኅሣሥ መግቢያ» አለ።

«ስንት ሰዓት ሠራ ማለት ነው?»

«ቆጣሪው ላይ አምስት መቶ አሥር።»

«ደንቡስ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሃምሳ።»

እንግዲህ ተመልከቱ! እጥፍ ከአሥር! ደሜ ፈላ። ደጀን ለማስረዳት ሞከረ። ጥር ላይ ዘይት ሊገዛ ቆቦ ድረስ ሄዶ ነበር፤ ያገኘው ዘይት ክዳኑ የተነካካ ነው፤ ጠብታውን በሁለት ጣቱ ቢያሸው ቀጠነበት፣ ቢያሸተው የተቃጠለ ሸተተው። ያገለገለ ዘይት አጣርተው በአዲስ ዕቃ መልሰው የሚሞሉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። «ያንን ከማስገባበት የማውቀውን አሮጌ ላቆየው ብዬ ነው» አለ።

«ማንን ጠየቅክ?» አልኩት።

«ማንንም።»

«ይኸው! ይኸው!» ቱግ ብዬ ተነሳሁ። «ሞተሩን ገደልከው! ገደልከው፣ ደጀን! ሠላሳ አራት ቤት ነው የገደልከው!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ አስታውሳለሁ። አልተቆጣም። ልክ ሰው ሞቶበት ሲነግሩት እንደሚሆነው ሆነ፤ መሬት መሬት እያየ ቀረ።

ሽማግሌያችን አባ ጋሹ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ነገሩን ሊያበርዱ ፈለጉ። በእኛ አገር ምስክር የሌለው ነገር በመሐላ ይዘጋል። የማለን ሰው ማንም ዳግመኛ አይጠይቀውም፤ በሐሰት ከማለ ከፈጣሪው ጋር ይተያያል። «ልጄ ደጀን» አሉት፣ «በእምነትህ ማልልን። ‹ሞተሩን የጎዳው የኔ ዘይት አይደለም› በልና ነገሩ እዚሁ ይለቅ።»

እኔም ተቆጥቼ እንኳ በልቤ «ማል፣ አንተ ሰው» እያልኩ ነበር።

«አልምልም፣ አባ ጋሹ» አለ ደጀን።

«ለምን?»

«አላውቅማ። የማላውቀውን እንዴት ብዬ እምላለሁ?»

ወይ ጉድ! እዚህ አገር አልምልም ያለ ሰው፣ አመነ ማለት ነው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሞላ «እንግዲህ ራሱ ፈርዷል» አለና ተቀመጠ። ቁልፉን ያስረክብ፣ ከሞተር ቤቱ ጎን የሚኖሩባትን ክፍልም ይልቀቅ ወደሚለው ሄዱ። ሞተር ገደለ የተባለ ሰው ደግሞ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ባለው ሜዳ ላይ ማንም ፓምፑን አያስነካውም። መሬት የሌለው ሰው በስሙ ነው የሚበላው፤ ስሙ ከሄደ ምኑን ይበላል?

«ቆይ» አልኩ። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ! ነገ ዞሮ እንዳይከራከረን በወረቀት ላስይዘው ብዬ ነው። ወልዲያ የምትሠራ ፍሬሕይወት የምትባል የፓምፕ ባለሙያ አለች፤ ባለፈው ዓመት ሥልጠና ስትሰጠን የሞተር ዘይት እንደ ሰው ደም እንደሚመረመር ነግራን ነበር። «ዘይቱ ይመርመር። ምርመራው የሱ ጥፋት ነው ካለ ያን ቀን ቁልፉን ያስረክባል» አልኩ። ሁሉም ተስማማ። ደጀንም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ፍሬሕይወት በማግስቱ ከሮቢት በባጃጅ መጣች። ሞተሩ እስኪሞቅ እንዲሠራ አደረገች፤ ቀዝቃዛ ዘይት ቆሻሻው ከታች ይቀመጣልና ሐቁን አይናገርም አለች። እኔም ሥራ ላግዝ ብዬ አጥቤ ያዘጋጀሁትን ጠርሙስ ሰጠኋት።

ተቀብላ አሸተተችው። «እትዬ ነሲባ፣ እዚህ ውስጥ ምን ነበረበት?»

«ቅቤ። ግን በፈላ ውኃ ነው ያጠብኩት!»

«እንግዲያ ላቦራቶሪው ‹ሞተራችሁ ቅቤ ይበላል› ብሎ ይጽፍልናል» ብላ ሳቀች። ደጀንም ሳቀ። ዞር ብዬ ሳየው ሳቁን ዋጠው። ያቺን ሳቅ አሁን ባስታወስኳት ቁጥር ራሴን ልመታው ይቃጣኛል።

የራሷን ትንሽ ንጹሕ ዕቃ አወጣች፤ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብታ ጥቁሩን ዘይት ሳበችና ከደነችው። ላዩ ላይ አምስት መቶ አሥር ብላ ጻፈች። አዲስ አበባ ይላካል፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለች። በውስጡ የትኛው ብረት እየተበላ እንዳለ፣ ውኃ ገብቶ እንደሆነ፣ ዘይቱም ራሱ ሞቶ እንደሆነ ይነግረናል። እስከዚያ ሞተሩን ግማሽ ቀን ብቻ አሠሩት ብላን ሄደች።

ግማሽ ቀን ሲሆን ውኃው ግማሹን መሬት ነው የሚያዳርሰው። በዚያ ላይ ጾሙና ረመዳኑ ተከታትለው ገቡ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባዶ ሆዱን ውሎ በተራ ይጣላል። እኔ በንጋት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ወጥቼ ከሰዓት እስከ አሱር ሰላት ስጮኽ እውላለሁ። የሽንኩርቱ ጫፍ መጠውለግ ጀመረ። በየመደቡ ሳልፍ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወረቀቱ አልመጣም?»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የደጀን ሚስት ማርታ ቤቴ መጣች። ገባ አላለችም፣ በር ላይ ቆመች።

«እታለም» አለችኝ፣ «ልማለድ አይደለም የመጣሁት።»

«ታዲያ?»

«ውጡ የምትሉን ከሆነ፣ ከፋሲካ ወዲያ አድርጉልን። በጾም ዕቃ ተሸክሞ መንገድ መግባት ከብዶኝ ነው።»

«ደጀን እንዴት ነው?» አልኳት።

«አይበላም። ‹የሰው ሽንኩርት ጨረስኩ› ይላል። ጠዋት ሞተሩን ሲያስነሳ እንኳ ማናገሩን ትቷል።»

እልኬ ግን አልለቀቀኝም። «ወረቀቱ ይምጣ» ብቻ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። እኔን አመስግና!

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ፍሬሕይወት ወረቀቱን ይዛ መጣች። ደጀን ቦይ ሊጠርግ ወርዶ ነበር፤ ሞተር ቤቱ ደጅ ካለው ሲሚንቶ ላይ ሁለታችን ብቻ ቆምን።

«እትዬ፣ ዘይቱ አይደለም» አለችኝ።

«ምን?»

«ዘይቱ ገና ጉልበት አለው። አልቀጠነም፣ አልጎመዘዘም። ጥሩ ዘይት ነው ያስገባው። ማዘግየትን ልማድ አታድርጉት እንጂ፣ በዚህ ምክንያት ሞተሩ አልተጎዳም።» ጣቷን ወደ አንድ ቁጥር ወሰደች። «የጎዳው ይሄ ነው። አቧራ። መሆን ከሚገባው አሥር እጥፍ በላይ። አየር በሚስብበት በኩል ነው የገባው፤ ፒስተኑን ዙሪያውን የሚይዙትን ቀለበቶች እንደ አሸዋ ወረቀት ፍቋቸዋል። ይሄን ሁሉ ብረት ዘይቱ ውስጥ ያገኙት ለዚያ ነው። ዘይቱ በሰዓቱ ቢቀየርም ይሄ አይቀርም ነበር።»

«ሜዳችን አቧራ ነው እኮ፣ ልጄ። የዞብል ንፋስ መቼ ያርፋል?»

«ይሄ የንፋስ አቧራ ብቻ አይደለም። በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ የገባ ነው የሚመስለው።» ዙሪያውን ቃኘች። ሞተሩ አየር በሚስብበት መስኮት ደፍ ላይ እጇን ሰደደችና ከስንጥቁ ውስጥ የሆነ ነገር ቆንጥራ አወጣች። «ይሄ ምንድነው?»

አየሁት። ክው አልኩ።

«የማሽላ ገለባ» አልኳት።

በታኅሣሥ ነው። ድሮ እህላችንን በአፈር አውድማ ላይ ነበር የምንወቃው፤ ጠጠርና አፈር ይገባበታል፣ ጎብዬ ገበያ ላይ ነጋዴ አፍሶ እያየ ይመልሰናል። ዘንድሮ እኔ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሞተር ቤቱ ደጅ ያለው ሲሚንቶ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው። መውቂያ ማሽኑ እዚያ ይቁም አልኩ! የመጀመሪያው የኔ ማሽላ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም በተራ አስወቃ። አሥራ አንድ ቀን፤ ማሽላው ቀጥሎም ጤፉ። ጠጠር የሌለው ጤፍ ይዘን ገበያ ስንወጣ ሰው «ነሲባ ጭንቅላት አላት» አለ፤ እኔም አለኝ ብዬ ሄድኩ። በነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ታዲያ ለሽንኩርቱ ችግኝ ውኃ ያስፈልግ ስለነበር ሞተሩ አንድም ቀን አልቆመም። ማሽኑ ብናኙን ይተፋል፣ ሞተሩ ከመስኮቱ ሥር ይስባል።

ደጀን ደግሞ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ነግሮኝ ነበር። ፊቱ ገለባ ለብሶ፣ በሰው ፊት፣ ቀስ ብሎ «ነሲባ፣ ሞተሩ ይተነፍሳል እኮ። ትንሽ ራቅ ብትሉ» አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? «እኛስ አንተነፍስም እንዴ?» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሄዶ መስኮቱ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀለ።

«ከየት እንደገባ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል?» አልኳት ፍሬሕይወትን።

«የለም። ወረቀቱ አቧራ ነው የሚለው። ከየት እንደመጣ እናንተ ናችሁ የምታውቁት።» ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ቀለበቶቹ ይቀየራሉ፣ ዘጠኝ አሥር ቀን ይቆማል ብላኝ ወረቀቱን ሰጥታኝ ሄደች።

እናንተዬ፣ ሰው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ በራሴ አየሁት። ያንኑ ዕለት ቦዩ ድረስ ሮጬ «ደጀን፣ አንተ አይደለህም!» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ወረቀቱን አጥፌ ሻርፔ ውስጥ ቋጠርኩት። ዓርብም አልነገርኩም፤ ቅዳሜም አልነገርኩም። «እሑድ ለሁሉም አንድ ላይ ይነገራል» አልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ። ሰላት ቆሜ ምን እንደቀራሁ ይጠፋኝ ነበር። ስድስት ዓመት ሌላውን ስፋረድ ኖሬ፣ የኔ ቀን ሲመጣ ምላሴ ታሰረ። «ወረቀቱ አቧራ ብቻ ነው የሚለው» እያልኩ ራሴን እሸነግላለሁ።

እሑድ ደረሰ። ከግራሩ ሥር የቀረ ሰው የለም። ማርታ እንኳ መጥታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች። ደጀን ከፊት፣ ለብቻው፣ ድንጋይ ላይ።

ተነሳሁ። «ዘይቱ አይደለም» አልኩ። ወረቀቱን ከፍቼ ያለውን አነበብኩ። «ሞተሩን የጎዳው አቧራ ነው።»

«እልል» ያለች ሴት ነበረች። ማርታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እዚያ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ! ግን ሞላ አለና።

«አቧራ?» አለ ሞላ፣ ቀስ ብሎ እየተነሳ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የሞተሩ ፊልትሮ የተሠራው አቧራ እንዳያስገባ አይደለም? ፊልትሮውን የሚያጸዳው ማነው?»

ሁሉም ወደ ደጀን ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ ደጀን።

«ታዲያ?»

«ልክ ነህ። በየማታው አራግፈው ነበር። አልበቃም ማለት ነው።»

«እንግዲህ ዞሮ ዞሮ ያው ነው!» አለ ሞላ። ሕዝቡ እንደገና አጉረመረመ። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ ነገሩ በአንዲት ደቂቃ ነው የተገለበጠው። ስለ መውቂያው ማንም ትንፍሽ አላለም። ረስተውት ይሆን፣ ወይስ እያንዳንዱ ማሽላው ትዝ ብሎት አንገቱን ደፍቶ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

እኔም ዝም አልኩ። እኔ! ዝንብ ሲያርፍብኝ የምጮኸው ሴትዮ!

አባ ጋሹ «ነሲባ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። ያኔ ደጀን ተነሳ። ማንም ሳያዘው፣ ከመቀነቱ ላይ የሞተር ቤቱን ቁልፍ ፈታ። አሥራ አራት ዓመት የታሰረ ክር ቶሎ አይፈታም፤ በጥርሱ ጎተተው። ሄዶ አባ ጋሹ እግር ሥር አስቀመጠው። «ይቅር በሉኝ» አለ፣ ለሁላችን።

ይሄኔ ቁጣዬ መጣ። የት ቆይቶ እንደመጣ እንጃ!

«አንሳው!» ብዬ ጮኽኩ። «ቁልፉን አንሳ፣ አንተ ሰው! ማን አስቀምጥ አለህ? ማናችን ነን አንተን ይቅር የምንልህ?» ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። «ማል፣ ማል ስትሉት ነበር አይደል? እኔ ልማልላችሁ። ወላሂ፣ በያዝኩት ረመዳን፣ ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ! ሲሚንቶው ላይ መውቂያ ያቆምኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውም ማሽላ የኔ ነው። ይሄ ሰውዬ ‹ሞተሩ ይተነፍሳል› ብሎ ሲለምነኝ ያላገጥኩበት እኔ ነኝ፤ እናንተም ስትስቁ ነበራችሁ! ፊልትሮ? ከማሽን ሥር የሚወጣ ብናኝ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በየትኛው ፊልትሮ ይቆማል? ከሐሙስ ጀምሬ ይህን እያወቅኩ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ! ሊቀመንበርነቱን ውሰዱት፣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። እሱን ግን አትንኩት!»

አለቀስኩ መሰለኝ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ቆይቶ አባ ጋሹ ጎንበስ ብለው ቁልፉን ራሳቸው አነሱ። «የኔም አሥራ ስምንት ጆንያ ማሽላ እዚያው ነው የተወቃው» አሉ። «ሞላ፣ ያንተስ ጤፍ?»

ሞላ ጫማውን ማየት ጀመረ።

አባ ጋሹ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ ደጀን ድረስ ሄዱና ሰጡት። ሽማግሌ ተነስቶ ለታናሽ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። ሞተሩን ደጀን እንዲያወርደው፣ ፍሬሕይወትም መጥታ እንድታግዘው፣ እስኪጠገን ደግሞ ያለው ሽንኩርት ሁሉ እንዳይጠፋ ቦዩ ጫፍ ያሉት መደቦች እንዲተዉ፣ ከጎረቤት ጉድጓድ በልመና የሚገኘው ውኃ ለቀሩት እንዲሆን ተወሰነ። ቦዩ ጫፍ ካሉት አንዱ የኔ ነው። ይድረቅ አልኩ። ሊቀመንበርነቱን ግን አልወሰዱልኝም፤ «የሚጮኽልን ከየት እናመጣለን?» አሉኝ።

ሰው ሲበተን ደጀንን ፈልጌ ወደ ሞተር ቤቱ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ነገ ለሚያወርደው ሞተር መፍቻዎቹን በጨርቅ ላይ እየደረደረ ነበር። ከበሩ ቆሜ ሻርፔን አወረድኩ።

«ደጀን፣ አውፍ በለኝ» አልኩት። እኛ ወሎዎች ይቅርታ የምንጠይቀው በዚህች ቃል ነው።

«አውፍ ብያለሁ» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። «ግቢ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ። ጾመኛ ነሽ።»

ገባሁ። ግን አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነበር፤ ካልጠየቅኩት አይለቀኝም።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት። «ነግረኸኝ ነበር እኮ! ያን እሑድ ‹ነግሬያት ነበር፣ አላግጣ መለሰችኝ› ብትል፣ ማን ይክድህ ነበር? ሁሉም ሰምቷል። ልታድነኝ ብለህ ነው?»

መፍቻውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ቂም ፈልጌ አጣሁ።

«ምን ላድንሽ» አለ። «ትዝም አላለኝ። አንቺ ‹ገደልከው› ስትዪኝ፣ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። አሥራ አራት ዓመት ስንት ጊዜ ተቆጥተሽኛል፣ ነሲባ። አንድም ቀን ያለ ጥፋቴ ተቆጥተሽኝ አታውቂም ነበር።»